ጽላሬ ሲደፈርስ

ዋግ ውስጥ፣ ኒሯቅ ላይ ዓሣ እየገዛሁ ሰቆጣ ወስጄ እሸጣለሁ ስል አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ይስቃሉ። ዋግን የሚያውቁት በፍየል፣ በማርና በድርቅ ነው። አይፈረድባቸውም፤ አባቴ ፍየል ያሰማራበት ሸለቆ ዛሬ ሐይቅ ሆኗል።

ድሮ የዓሣ አገር ሲባል የሚጠራው ምጽዋ ነበር። ሰርዲንና መሰል ትንንሽ ዓሦች ወቅታቸውን ጠብቀው በመንጋ ወደ ዳርቻው ሲጠጉ፣ አጥማጆች በመረብ እየጎተቱ አሸዋ ላይ ያደርቋቸው ነበር። ደርቀው የዓሣ ዱቄት ሆነው ወደ ውጭ ይላካሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተያዘው ዓሣ 25 ሺህ ቶን ገደማ ደርሶ ነበር፤ አብዛኛውም እነዚያው ትንንሾቹ ናቸው። ኋላ የኤርትራ ጦርነት መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፣ ንግዱም ወደቀ። ዋግ ከዚያ ሁሉ ዓሣ አልደረሰውም። አያቶቻችን ከዚያ አቅጣጫ የሚያውቁት ከአፋር ጨው ሜዳ ተጭኖ ሰቆጣ ገበያ የሚወርደውን አሞሌ ብቻ ነው።

የእኛው ወንዝ ተከዜ ግን ዓሣ አጥቶ አያውቅም። በበጋ ውሃው ሲጎድል በየኩሬው የቀረውን እረኞች በእጃቸውም በመንጠቆም ይይዙታል፤ ጠብሰው እዚያው ይበሉታል። ይዞ ቤት መግባት ነው ጣጣው። እናቴ ዓሣ የነካውን ድስት ለሌላ ወጥ አታውለውም ነበር።

ነገሩን የለወጠው ግድቡ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል። አበርገሌ፣ ዝቋላና ሰሃላ ሳያስቡት የሐይቅ ዳር ወረዳ ሆኑ። ወጣቱ ተደራጅቶ ጀልባና መረብ ያዘ። ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ኒሯቅ ላይ የንግድ ቃል ሆኑ። የሰጠመው ግራር ግን ከሥር እንደቆመ ነው፤ መረብ ይይዛል፣ ይቀድዳል። ስለዚህ ብልህ አጥማጅ በግንቦት ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን እየዞረ የትኛው ዛፍ የት እንዳለ ያጠናል።

በኋላም የሰሜኑ ጦርነት መጣና ከአበርገሌ ብዙ ሰው ወደ ሰቆጣና ወለህ ተፈናቀለ። መረቡ ሥራ ፈታ፤ ዓሣው ግን አረፈ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እኔም ሳልስማማ አልቀረሁም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐምሌ ላይ የጽላሬ ወንዝ ደፍርሶ ሐይቁ ሲገባ፣ ነጭ ዓሣ ጎርፉን ተቃውሞ ወደ ላይ ይወጣል። እንቁላሉን የሚጥለው ደለል ያልሸፈነው ጠጠር ላይ፣ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ነው። አጥማጁም ይህን ያውቃልና መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። በዚያ ሰሞን የምገዛውን ዓሣ ሆዱን ገና በቢላዋ ጫፍ ስነካው ቢጫው እንቁላል ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ገዢ ለሥጋው እንጂ ለእንቁላሉ አይከፍልም፤ ድመቶች ይበሉታል። ይባስ ብሎ ፍልሰታም በዚያው ሰሞን ትገባለች። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት ልተወውና፣ ገበያው ግን ይደራል።

ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ የሚያመጣውን ጣና ከእኛ ቀድሞ አይቶታል። እዚያ የወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያሰግሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ነጭ ዓሦቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሲጓዙ የወንዞቹ አፍ ላይ ይጠበቁ ጀመር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ያለውን ሲያነጻጽሩ፣ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች በ10 ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው አገኙ። ጣና ከእኛ ሐይቅ እጅግ ይሰፋል፤ ያም ሆኖ ይህን ማጥመድ አልቻለውም። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። አዋጁ መኖሩን ኒሯቅ ላይ የሚያውቅ አጥማጅ ብዙ አይመስለኝም።

እኔ ብጠየቅ ከሐምሌ እስከ መስከረም የጽላሬን አፍ እዘጋዋለሁ። አጥማጁ ምን ይብላ ለሚለኝ መልሱ ቆሮሶ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ትፈለፍላለች፤ ወንዝ አትፈልግም። ለእኔም ቆሮሶ ይሻለኛል። ነጭ ዓሣ አጥንቱ ብዙ ስለሆነ የሰቆጣ ምግብ ቤቶች በየሳምንቱ ዋጋ ቀንስ እያሉ ይጨቀጭቁኛል።