የኬትሻዋ መስጂድ፦ ቃል ኪዳን፣ ነጠቃና ርክክብ

በአልጀርስ አሮጌ ከተማ፣ በቀስባ ግርጌ፣ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ የኬትሻዋ መስጂድ ይገኛል። ስለ እርሱ በየሚንበሩ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው አንድ ነገር ነው፤ በ1962 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) የካቶሊክ ካቴድራል መስጂድ ሆነ የሚል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ታሪኩን ከመጨረሻው ይጀምራል።

ኬትሻዋ ከመነሻው መስጂድ ነበር። በዑስማንያ ዘመን ተሠርቶ፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በሐሰን ፓሻ እንደገና ታንጿል። ፈረንሳዮች አልጀርስን ሲይዙ፣ ጁላይ 5 ቀን 1830 ጄኔራል ደ ቡርሞንና ደይ ሑሴን የተስማሙበት ውል የእስልምና አምልኮ ነጻ እንደሚሆን፣ የነዋሪዎቹም ሃይማኖትና ንብረት እንደማይነካ ደንግጓል።

ውሉ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ1832፣ የቅኝ ግዛቱ ጦር አዛዥ የነበረው የሮቪጎ ዱክ መስጂዱን በወታደር ኃይል ነጥቆ ለካቶሊክ አምልኮ አዋለው። ሕዝቡ ቢቃወምም ሰሚ አላገኘም። ቆይቶም አሮጌው ሕንፃ በአብዛኛው ፈርሶ በስፍራው የቅዱስ ፊሊጶስ ካቴድራል ተገነባ። ጉዳቱ በአንድ ሕንፃ አላበቃም። መስጂዶችና መድረሳዎች ይተዳደሩበት የነበረው የወቅፍ ንብረት በቅኝ ገዥው መንግሥት እጅ ስለ ገባ፣ የዲን ትምህርትም አብሮ ተዳከመ። በ1931 የተመሠረተው የአልጄሪያ ሙስሊም ዑለማኦች ማኅበር መስጂዶች ከመንግሥት ቁጥጥር ወጥተው ለሙስሊሙ እንዲመለሱ ሲታገል የኖረው ስለዚህ ነው።

አልጄሪያ ነጻነቷን ያወጀችው ያ ውል በተፈረመበት ቀን፣ ጁላይ 5፣ ከ132 ዓመት በኋላ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ የዑለማኦች ማኅበር መሪ የነበሩት ሸይኽ በሺር አል-ኢብራሂሚ በኬትሻዋ ኹጥባ አደረጉ።

እዚህ ላይ የካቶሊኩን ሊቀ ጳጳስ ሊዮን ኤቲየን ዱቫልን ሳንጠቅስ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። በነጻነቱ ጦርነት ወቅት በአልጄሪያውያን ላይ ይፈጸም የነበረውን የምርመራ ሥቃይ በግልጽ አውግዘዋል፤ በዚህም ከራሳቸው ወገን ብዙ ስድብ ደርሶባቸዋል። ካቴድራሉ ወደ መስጂድነቱ ሲመለስም ቂም አልያዙም። መንበራቸውን ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አዛውረው በአገሩ ቀሩ፤ የአልጄሪያ ዜግነትም ወሰዱ።

እንግዲህ በኬትሻዋ የሆነው ድል ነው ወይስ የመብት መመለስ? እኛ ሁለተኛውን እንላለን። ደረሳዎቻችን ይህን ታሪክ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተነጠቀበት ጀብዱ አድርገው ከያዙት፣ በ1832 የተፈጸመውን በደል ሳያውቁት ያጸድቁታል፤ ጉልበት መብት ይሆናል ማለት ነውና። የአል-ማኢዳ ምዕራፍ የሚከፈተው ውልን በመሙላት ትእዛዝ ነው። የአል-ሐጅ ምዕራፍ 40ኛ አንቀጽም ገዳማትንና ቤተ ክርስቲያናትን ከመስጂዶች ጋር በአንድነት ያነሣል።

ሚዛኑ ግን ለሌላው ብቻ የሚወጣ አይደለም። በቆጵሮስ በ1570 በጦር የተያዘችው የኒቆሲያ የቅድስት ሶፍያ ካቴድራል፣ በዓመቱም በውል እጇን የሰጠችው የፋማጉስታ የቅዱስ ኒቆላስ ካቴድራል በዑስማንያ መንግሥት መስጂድ ሆነዋል። ፉቀሃኦቻችን በኃይል የተያዘን አገርና በሱልሕ የገባን አገር ለይተው፣ በሱልሕ የገባው እንደ ውሉ ይጠበቅ ዘንድ ማስተማራቸው ይታወቃል። ስለዚህ የአልጀርስን ውል አፍራሾች የምንጠይቀውን ያህል በፋማጉስታ ውሉ እንዴት እንደ ተያዘ መጠየቅ የእኛም ግዴታ ነው። ይህን ጥያቄ የሚፈራ መምህር ስለ ኬትሻዋ በሙሉ አንደበት ሊናገር አይችልም።

የአምልኮ ቤት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አስቀድመን ልንመረምር የሚገባን ሚናራውን ወይም መስቀሉን ሳይሆን የተገባውን ቃል ነው። ወላሁ አዕለም።