ገንዘቡ ማንን ይከተላል? የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሕክምና ከ1921 ወዲህ



ስለ አሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሕክምና በተነሣ ቁጥር ተከራካሪው በሁለት ወገን ይሰለፋል። አንዱ በጀቱ አነሰ ሲል፣ ሌላው የመንግሥት ሥራ ብክነት አያጣውም ይላል። እኔ ዛሬ ከሁለቱ የሚቀድም ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ፤ የተመደበው ገንዘብ የሚከተለው ምንን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1921፣ የቀድሞ ወታደሮች ቢሮ ተቋቋመ። ያን ጊዜ ገንዘቡ የተከተለው ሕንፃን ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቻርልስ ፎርብስ ከሆስፒታል ግንባታ ውሎች ጋር በተያያዘ መንግሥትን ለማጭበርበር በማሴር በ1925 ጥፋተኛ ተባለ፤ ኋላም ወኅኒ ወረደ። ጉድለቱ ከበጀቱ ይልቅ በቁጥጥሩ ላይ ነበር።

በ1945 ጄኔራል ኦማር ብራድሌይ መሥሪያ ቤቱን ሲረከቡ ሚሊዮኖች ከጦር ሜዳ እየተመለሱ፣ ሐኪም ግን አልበቃ ብሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሆስፒታሎቹ ከሕክምና ትምህርት ቤቶች ጋር እንዲተሳሰሩ ተደረገ። ትስስሩ ለቁስለኛው ሐኪም፣ ለተማሪው መማሪያ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ዘልቋል።

ከ1994 እስከ 1999 አገልግሎቱን የመሩት ዶክተር ኬነት ካይዘር ተመላላሽ ሕክምናን አስፋፉ። ቀድሞ በጀት የሚደለደለው ያለፈውን ወጪ መነሻ በማድረግ ነበር፤ ከ1997 ጀምሮ ግን በታካሚው ቁጥር ሆነ። ታካሚው ወደ በዛበት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ገንዘቡም አብሮ ሄደ። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በ2000 ይህ አገልግሎት ከ13 የጥራት መለኪያዎች በ12ቱ የአረጋውያን መድን ከሆነው ከሜዲኬር በልጧል።

ይሁን እንጂ መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን ያሳስታል። ቀጠሮ በ14 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ታዘዘ፤ የኃላፊዎች ጉርሻም ከውጤቱ ጋር ተያያዘ። በ2014 መርማሪዎች በፊኒክስ ከተማ 226 ታካሚዎችን ናሙና አድርገው ሲያጣሩ፣ ለመጀመሪያ ቀጠሮ በአማካይ 115 ቀን መጠበቃቸውን አረጋገጡ፤ ሆስፒታሉ ያስመዘገበው 24 ቀን ነበር። ሌሎች 1,700 ሰዎች በመጠባበቂያ መዝገቡ ላይ ጭራሹን አልሰፈሩም። መዝገቡ የማያውቀውን ሰው በጀት ሊያውቀው አይችልም።

በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ለግል ሕክምና 10 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ የ2018ቱ ሕግ ደግሞ ዕድሉን አሰፋው። ረጅም ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይህ እፎይታ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ታካሚውን ተከትሎ ከመንግሥት ሆስፒታል ሲወጣ ቁጥጥሩም አብሮ ካልወጣ፣ የ1921ም የ2014ም ስሕተት በአዲስ ስፍራ ሊደገም ይችላል ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ በጀት ስትመረምሩ ከድምሩ አስቀድማችሁ መዝገቡን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ጠይቁ እላለሁ።