የእንግሊዝ አዋላጆች በሕግ የተዳደሩበት ዜና

ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902፣ ለእንግሊዝና ለዌልስ የአዋላጆች ሕግ ወጣ። ከዚያ አስቀድሞ አዋላጅ ነኝ ያለችውን ሴት ሁሉ ከየት ተማርሽ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የድሃ ሰፈር እናትም በልምድ በታወቀች ጎረቤቷ እጅ ትገላገል ነበር። በ1881 ሉዊዛ ሃባርድና ዘፈሪና ስሚዝ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ማኅበር አቋቁመው፣ አዋላጅነት በትምህርትና በፈተና የሚገኝ ሙያ ይሁን እያሉ ደከሙ። ረቂቁ ከ1890 ጀምሮ ለፓርላማ እየቀረበ ሲወድቅ ኖረ፤ ከሐኪሞች ብዙዎቹ እንጀራችንን ይነካብናል ብለው ተነሥተውበት ነበርና።

ሕጉ በጸና ጊዜ የቆዩትን ሴቶች አላባረረም። ቢያንስ አንድ ዓመት ያዋለደችና መልካም ጠባይ ያላት ሴት ሳትፈተን ከመዝገብ ገባች፤ በ1905 ከተመዘገቡት 22,308 አዋላጆች 12,521ዱ እንደዚህ ያሉ ነበሩ። ይህን የሕጉ ድካም ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ትልቁ ማስተዋሉ ነው እላለሁ። ከመዝገብ የቀረች ሴት በስውር ታዋልዳለች እንጂ ማዋለዷን አትተውም፤ ከመዝገብ የገባችው ግን የአካባቢው ተቆጣጣሪ ቤቷን ያያል፣ ቦርሳዋን ይከፍታል፣ ማን መቼ እንደ ወለደች የጻፈችበትን ደብተር ይመረምራል። እጇን በመድኃኒት መታጠብ፣ የሚታጠብ ልብስ መልበስ፣ ምጥ ሲከፋ ወይም አራሷን ትኩሳት ሲይዛት ሐኪም ማስጠራት ግዴታዋ ሆነ።

ነገር ግን ሕጉ ሐኪም አስጠሪ ብሎ ሲያዝ፣ የሐኪሙን ዋጋ ማን እንደሚከፍል አልተናገረም። እናቲቱ ገንዘብ የላትም፤ ሐኪሙ ሳይከፈለው መምጣት ይከብደዋል፤ ባታስጠራ የምትቀጣው ግን አዋላጂቱ ብቻ ነበረች። ይህ እስከ 1918 ቆየ። በዚያ ዓመት የወጣው ሁለተኛው ሕግ የአካባቢው አስተዳደር ለሐኪሙ እንዲከፍልና የሚችለውን ቤተሰብ በኋላ እንዲያስከፍል አዘዘ። ቁጥጥሩ እውነተኛ የሆነው ያን ጊዜ ነው እላለሁ፤ አዛዡ የትእዛዙን ሸክም ከታዛዧ ጋር መካፈል ጀምሯልና።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ክርክር ይነሣል። ሕጉ ከወጣ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ፣ ከ1,000 ወሊድ አራት ያህል እናቶች መሞታቸው አልቀረም፤ ሞቱ አጥብቆ የቀነሰው ከ1935 ወዲህ ሰልፋ የተባለው መድኃኒት ሲመጣ ነው። ታዲያ ቁጥጥሩ ምን ጠቀመ? ክርክሩ በቁጥር ረገድ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሐኪም ያዋልዳቸው የነበሩት ባለጸጎች ከድሆቹ ያነሰ አልሞቱም፤ የአዋላጆቹ ሕግ ደግሞ የሐኪሙን እጅ አይመረምርም ነበር። ደግሞም ሜሪ ብሬክንሪጅ የምትባል አሜሪካዊት ነርስ፣ በእንግሊዝ አዋላጅነት ተምራ አዋላጆችን በሕጉ ከሚመዘግበው ቦርድ ምስክር ወረቀት ተቀብላ፣ በ1925 በኬንታኪ ተራሮች አገልግሎት አቋቋመች። አዋላጅ ነርሶቿ በፈረስ እየሄዱ፣ ሐኪሞች ጽፈው በሰጧቸው መመሪያ ይሠሩ ነበር። ሉዊስ ደብሊን የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1932 የመጀመሪያዎቹን 1,000 ወሊዶች ሲመረምር፣ በወሊዱ ምክንያት የሞተች አንዲት እናት አላገኘም። ያም ሰልፋ ሳይመጣ ነው። ስለዚህ የጎደለው መድኃኒት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ትምህርት፣ መመሪያና ረዳት ሐኪም በአንድነት አለመገኘታቸውም ነበር።

በ1936፣ ኤድዋርድ 8ኛ ዘውድ ሳይጭን ዙፋኑን በለቀቀበት ዓመት፣ ሦስተኛ ሕግ ወጣ። አስተዳደሮቹ ደመወዝተኛ አዋላጆችን ለየአካባቢያቸው እንዲያዘጋጁ ታዘዙ፤ በዕርጅናና በድካም ምስክር ወረቀታቸውን ለሚመልሱትም ካሣ ተቆረጠላቸው።