ከዓድዋ ጥይት እስከ ራጅ ክፍል

1888 ዓ.ም. ለእኛ የዓድዋ ዓመት ነው። በዚሁ ዓመት ጥቅምት ላይ ዊልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ እንግዳ ጨረር አገኘ። አራት ወር ሳይሞላ የዓድዋ ጦርነት ሆነ። ግንቦት ገደማ ደግሞ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ጦር ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ናፖሊ ላይ በዚሁ ጨረር አንሥቶ በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ይህ እንደሆነ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። እንግዲህ ራጅ ከኢትዮጵያ ጋር የተዋወቀው በጥይታችን በኩል ነው ማለት ነው።

ስለ ቁስለኞቹ ብዙ ተጽፏል። ከመሣሪያው ኋላ ስለሚቆመው ሠራተኛስ? ቁስለኛው በጨረሩ ፊት የሚቆየው ለአፍታ ሲሆን፣ ሠራተኛው ግን ዕድሜውን ሙሉ ነው። የታዋቂው የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በራጅ ሙከራ ሁለት እጆቹን ካጣ በኋላ በ1904 እ.ኤ.አ. ሞተ። ኤዲሰንም ደንግጦ ሥራውን ተወው።

ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ቆሟል። በከተማችን ራጅ ያልተነሣ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ራጅ አንሺውን በስሙ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ሙያ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ጡረተኛ አውቃለሁ። የሠሩበትን ተቋም ስም ልተወውና፣ ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ ስለ ባጁ ጠየቅኋቸው። ባጅ የሚባለው ደረት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ መለኪያ ነው፤ ሠራተኛው የተቀበለውን ጨረራ ያጠራቅማል፣ በየጊዜውም ተሰብስቦ ይነበባል።

«ነበረን» አሉኝ ጋሼ። «ጋዋኑ ላይ ይሰካል። ጋዋኑ ደግሞ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ስንት ቀን ያለ ጋዋን ሠርቻለሁ መሰለህ፣ ልጄ! ባጁ የለካው ግድግዳውን ነው።»

«ንባቡንስ ነግረዋችሁ ያውቃሉ?»

«ማን? ለእኛ?» ብለው ሳቁ።

ሕጉ ወደዚህ ጨዋታ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ የፈቀደው በቀን 0.2 ሮንትገን ነበር። ዛሬ ልኩ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት ነው። የድሮው ፈቃድ በዓመት ሲሰላ የዛሬውን ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ያኔ «ጥንቃቁ አሠሪ» የተባለው ሰው ዛሬ ቢሆን ችሎት ይቆም ነበር። ከቁጥሩ በታች መሆን ብቻውን በቂ ነው ወይ የሚለውም ሲያከራክር ኖሯል። ባለሙያዎቹ መጠኑ በተቻለ መጠን ዝቅ ይበል ይላሉ። የስሪ ማይል አይላንድ አደጋ ያስነሣውን ክስ ያየው የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ1995 እ.ኤ.አ. የጥንቃቄው መለኪያ በደንብ የተጻፈው ቁጥር ነው ብሏል። ለዳኛ ቁጥር ይመቻል፤ አልፈርድበትም። ግን ቁጥሩ ካልተመዘገበ ዳኛው ምን ይዞ ይፈርዳል?

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1950 ዓ.ም. ኤጀንሲው ሲቋቋም ነው። የጨረራ መከላከያ አዋጃችን ቁጥር 79 ግን የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት! እርግጥ በመካከሉ ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ በቁጥር 2069 ደግሞ እጅግ አደገኛ ሥራ የሚሠራ ሰው ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ካጋለጠ ኃላፊ ያደርገዋል። አዋጁም በ2000 እና በ2009 ዓ.ም. በአዳዲስ አዋጆች ተተክቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ እንዲያውም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ይህ ሕግ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ የመንግሥት ሆስፒታል ራጅ አንሺ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥር 2143 ነው። ካሣ ጠያቂ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። በመኪና ለተገጨ ሰው ይህ ግልጽ ነው። ጨረራ ግን እንደ መኪና አይደለም፤ ካንሰሩ ከሃያ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው? ጨረራው በገባበት ዕለት ነው ወይስ ሐኪሙ በተናገረበት ዕለት?

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁ ሴቶች ነበሩ። በኒው ጀርሲዋ ኦሬንጅ ከተማ የሰዓት ገጽ በሬዲየም ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ብሩሹን የሚያሾሉት በከንፈራቸው ነው። መንጋጋቸው መበስበስ ሲጀምር አምስቱ ከሰሱ። ኩባንያው ሁለት ዓመት አልፏል ብሎ በይርጋ ተከራከረ፤ እንደ እኛው ሁለት ዓመት። ጠበቃቸው ሬይመንድ ቤሪ ደግሞ ሬዲየሙ አሁንም በአጥንታቸው ውስጥ ስለሆነ በየቀኑ አዲስ ጉዳት ያደርሳል፤ ይርጋውም ሊቆጠር የሚገባው የሕመማቸውን መንሥኤ ካወቁበት ቀን ነው አለ። ክሱ በ1928 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ፤ ሴቶቹ ለመመስከር እጃቸውን ማንሣት እስኪያቅታቸው ደክመው ነበር።

የእኛ ጡረተኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናቸው። ቢታመሙ ግን ማስረጃቸው ያ ምስማር ላይ የዋለ ባጅ ነው። የዓለም አቀፉ ኤጀንሲ መመዘኛ የሠራተኛው የጨረራ መዝገብ ቢያንስ 75 ዓመት እስኪሞላው፣ ሥራ ካቆመም በኋላ ከ30 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲጠበቅ ይጠይቃል። መዝገቡ 30 ዓመት ይቆያል፤ የመክሰሻው ጊዜ 2 ዓመት ነው።

ጋሼ ጡረታ ሲወጡ የንብረት ማስረከቢያ ፈርመዋል። የእርሳስ ሽርጡ፣ የካሴቶቹ ቁጥር፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ሁሉ አንድ በአንድ ተጽፏል። ሠላሳ ዓመት ስንት ጨረራ እንደተቀበሉ የሚናገር ወረቀት ግን ማንም አልሰጣቸውም፤ እርሳቸውም መጠየቅ እንደሚቻል አያውቁም ነበር።