አልሰረቲቭ ኮላይተስ፦ ሕመምተኛው ራሱ የሚመዘግበው ሁኔታ
አልሰረቲቭ ኮላይተስ የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ሽፋን የሚያቆስል፣ ከፊንጢጣ በላይ ካለው የአንጀት ጫፍ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚዘልቅ ሥር የሰደደ ሕመም ነው። በረድ እያለ ደግሞ እያገረሸ ስለሚቆይ፣ ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን የሚያየው ከፊሉን ብቻ ነው። የቀረውን የሚያውቀው ታማሚው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ቀላል የኮላይተስ መለኪያ ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ የቀንና የሌሊት ሰገራ ብዛት፣ የሰገራ ጥድፊያ፣ ደም፣ አጠቃላይ ጤንነት፣ እንደ መገጣጠሚያ ሕመም ያሉ ከአንጀት ውጭ የሚታዩ ምልክቶች። ላቦራቶሪ ስለማይሻ ታማሚው ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ሊሞላው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1989 በካናዳ የተዘጋጀው ባለ 32 ጥያቄ መጠይቅ ደግሞ ኑሮን ይመዝናል፤ ነጥቡ ከ32 እስከ 224 ሲሆን ከፍ ባለ መጠን ኑሮው የተሻለ ነው። ኑሮን መመዘኑ ተገቢ ነው፤ ጥድፊያ ሰውን ከገበያ፣ ከለቅሶና ከረጅም መንገድ ያስቀራልና።

እንዲህ ያለው መለኪያ በተለይ ከሐኪሙ ርቆ ለሚኖር ታማሚ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ከሆነችው ጉብሬ አዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለእንዲህ ያለ ስፍራ በስልክ የሚላክ መዝገብ የመንገድ ድካም ይቀንሳል፤ ምርመራን ግን አይተካም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲታይ በአገራችን በቅድሚያ አሜባና ባክቴሪያ ይጠረጠራሉ። በሕክምና ካልተሻለ ታማሚው ኮሎኖስኮፒ (የትልቁን አንጀት ውስጥ በካሜራ የሚያሳይ ምርመራ) ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሊላክ ይገባል።