የጨዋታ ቃል ታሪክ፤ ከገና ሜዳ እስከ እግር ኳስ ሜዳ

ሰው ከሰው ጋራ ለመጫወት ሲነሣ አስቀድሞ ሊስማማበት የሚገባው ነገር ቃል ነው። ሜዳው ቢሰናዳ፣ ተጫዋቹም ቢሰለፍ፣ አንዱ የተናገረውን ሌላው በሌላ ትርጓሜ የሚሰማው ከሆነ ጨዋታው ወደ ጠብ ይለወጣል። ይህንንም ያገራችን ሰው እግር ኳስን ከማየቱ በፊት ያውቀው ነበር።

ሰላ ድንጋይ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ተቀምጠው ግዛታቸውን ያስተዳድሩባት የነበረች ከተማ ናት። እንደ እርሷ ባለው በሸዋ ደጋ የልደት በዓል በደረሰ ጊዜ ጐልማሳው ሁሉ ቈልማማ ዱላውን ይዞ ገና ለመጫወት ወደ ሜዳ መውረዱ የቈየ ልማድ ነው። በዚህ ጨዋታ የሰው ቍጥር አይወሰንም፤ የሜዳውም ስፋት በገመድ አይለካም፤ ጌታና ሎሌም በዚያ ቀን እኩል ናቸው። ነገር ግን ጨዋታው ወሰን ባይኖረው ቃሉ ወሰን ነበረው። ጥንግ ሲባል በዱላ የሚመታው ድቡልቡል ነገር ነው፤ ሚና ሲባልም ተጫዋቹ የቆመበት ወገን ነው። ስለዚህ «ሚናህን ለይ» የተባለ ሰው የተጠየቀውን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ይህም ቃል ትርጓሜው የጠራ ስለ ሆነ ከሜዳ ወጥቶ ዛሬ በመንግሥት ነገርና በቴአትር ሥራ ይነገራል።

እግር ኳስ በመጣ ጊዜ ግን ቃሉ ከብዙ ወገን መጣ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን መሠረቱ። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1944፣ ለሻምፒዮንነት የተጋጠሙት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ እነርሱም የኢትዮጵያውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖች ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝም ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። እንግዲህ አምስት ቋንቋ ባንድ ሜዳ ተገናኘ ማለት ነው። ከኢጣልያ ቋንቋ ማልያ፣ ቴስታ፣ ካልቾ፣ ሪጎሬ፤ ከእንግሊዝኛም ጎል፣ ኮርነር፣ ፔናልቲ፣ ኦፍሳይድ ወደ አማርኛ ገቡ።

ከዚህም ጋራ አማርኛ ከገዛ ቤቱ ቃል አወጣ። ጎልን ግብ፣ ኮርነርን የማዕዘን ምት፣ ፔናልቲን ፍጹም ቅጣት ምት አለው። ማዕዘንና ፍጹም የግዕዝ ልጆች ናቸው፤ ዳዊት የደገመ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ያውቃቸዋል። በዚህም አኳኋን ለአዲስ ነገር የቈየ ቃል ተገኘለት።

ይሁን እንጂ ቃሉ መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ በስፍራው መነገር አለበት። «ቅጣት ምት» እና «ፍጹም ቅጣት ምት» የሚለያዩት ባንድ ቃል ነው፤ ነገር ግን በፊተኛው ተከላካዮች እንደ ግንብ ተሰልፈው ግባቸውን ይጋርዳሉ፣ በኋለኛው በረኛው ብቻውን ከዐሥራ አንድ ሜትር የሚመታውን ኳስ ይጠብቃል። ደግሞም «ከጨዋታ ውጭ» የሚለውን ብዙ ሰው ለሦስት ነገር ይናገረዋል፤ ለኦፍሳይድ፣ በቀይ ካርድ ለተሰናበተ ተጫዋች፣ መስመር ላለፈ ኳስ። በዓይኑ ያየ ሰው ይህን ሰምቶ ነገሩን ይለየዋል፤ በራዲዮን የሚሰማው ግን ዓይኑ ቃሉ ስለ ሆነ ይሳሳታል። ኳሱን ከሜዳ ወጣ፣ ሰውየውን ተሰናበተ ብንለው፣ «ከጨዋታ ውጭ» ለኦፍሳይድ ብቻ ይቀርለታል።

የቃል ስሕተት የሚጐዳው የዕለቱን ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ታሪክንም ያበላሻል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ከግብጽ፣ በዚያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፑብሊክ ከምትባለው አገር ጋራ ለአፍሪካ ዋንጫ ተጋጠመች። መደበኛው 90 ደቂቃ በ2 ለ 2 አለቀ። ከዚያም በተጨማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አግብተው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 ድል አደረገች። ይህን አንድ ሰው «በጭማሪ አሸነፍን» ብሎ ቢናገር፣ ሰሚው ዳኛው ስለ ባከነ ጊዜ የሚጨምረው ጥቂት ደቂቃ ሊመስለው ይችላል፤ የደከሙት ልጆች እንደ ገና ለግማሽ ሰዓት የታገሉት ትግልም ባንድ ቃል ይጠፋል። ስለዚህ የባከነ ደቂቃና ተጨማሪ ሰዓት ሁለት ስም ይዘው መኖራቸው ለቋንቋ ጌጥ ሳይሆን ለእውነት ጥበቃ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቃሉ ከሮማ ይምጣ ወይም ከግዕዝ ይውጣ በማለት ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ሪጎሬ ያለውም፣ ፍጹም ቅጣት ምት ያለውም አንድ ነገር ከተናገሩ ይግባባሉ። የሚከፋው አንዱን ቃል ለሦስት ነገር መበተን ነው። አባቶች ሜዳቸውን በገመድ ሳይለኩ ሚናን ከሚና ለይተው ከተጫወቱ፣ ሜዳው በኖራ የተሰመረለት የዛሬ ተመልካች ቃሉን ለይቶ መናገር አያቅተውም።