በወንጌል ኅዳግ ከሰፈረው ውል እስከ አረንጓዴው ደብተር

አንድ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ቦታ ሲይዝ፣ ነገ ሌላ ባለመብት ቢመጣ ማን ይቆምለታል? ጥያቄው የዛሬ አይደለም።

በጎንደር ዘመን መሬት ሲሸጥ ውሉ በአድባራት ወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጭና የገዢ ስም፣ በወቄት ወርቅ የተቆረጠው ዋጋ፣ ዋሱና ምስክሮቹ አብረው ይሰፍራሉ። የጽሑፉ ጉልበት ከኋላው የቆሙት ሰዎች ነበሩ።

የደራ፣ የፎገራና የፋርጣ ገበሬ በብዛት የሚያርሰው ግን ርስቱን ነበር። በአባትም በእናትም ቆጥሮ ከአቅኚው አባት የሚደርስ ሁሉ «ድርሻዬን» ማለት ስለሚችል፣ ሙግቱ ትውልድ ይሻገራል። ደብተር አልነበረም፤ ማስረጃው የሽማግሌ አፍ ነበር።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ አዘዘ። ስለ ንብረት መዝገብ የደነገገው ክፍል ግን ሥራ ላይ እንዳይውል እዚያው ሕጉ ውስጥ ታገደ። ውል ተጻፈ፤ መዝገብ አልተከፈተም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ሐምሌ ላይ የከተማው ተከተለ። ርስትም ሽያጭም ቀረ። በ1989 በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል ገበሬው ይዞታው ሊነካ እንደሚችል በዓይኑ አየ። ከ1995 ወዲህ የመጣው አረንጓዴ ደብተር ያንን ስጋት ለማስታገስ ነው። ባልና ሚስት በጋራ የሚመዘገቡበት መሆኑም ትልቅ ለውጥ ነበር።

ደብተሩ ግን የሚያረጋግጠው የመጠቀም መብትን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ በአንበሳሜም ሆነ በደብረ ታቦር ዳርቻ የእርሻ መሬት «በደብተሩ ገዛሁ» የሚል ሰው፣ ሦስት ምስክር ቢያስፈርምም የያዘው ሕግ የማያውቀውን ወረቀት ነው። ከተማው ሲሰፋ ካሳው የሚከፈለው በደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ነው።

የከተማ ቤት ይሸጣል። ያኔም ካርታው ብቻ አይበቃም። እዳና እገዳ አለመኖሩን ከማዘጋጃ ቤት መዝገብ ማየት፣ የትዳር ጓደኛ መፈረሙን፣ የሊዝ ቀሪ ክፍያን፣ የወራሾችን ጉዳይ ማጣራት ያስፈልጋል።

የጎንደር ገዢ ዋሱን በስም ያውቀው ነበር። የዛሬው ገዢ ዋሱ መዝገቡ ነው። ታዲያ መዝገቡን ሳያይ ገንዘብ የሚቆጥር፣ ያለ ዋስ እንደገዛ ይቁጠረው።